ወጌሻ ስትመርጡ ምን ትጠይቃላችሁ?

ሰው ሆዱን ወይም ራሱን በታመመ ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት ልሂድ ወይስ ጥቂት ልጠብቅ እያለ ቀን ያስባል፣ ሌሊት ያስባል። እጁ ወይም እግሩ የተሰበረበት ሰው ግን ለማሰብ ጊዜ የለውም። ሕመሙ ያስቸኩለዋል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዱ «እገሌ የሚባል ወጌሻ አለ፤ እጁ መድኃኒት ነው» ይላል፤ ሌላው «ሐኪም ቤት ከወሰዳችሁት ይቆርጡታል» ብሎ ያስፈራራል፤ የተሰበረውም ሰው በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ተደግፎ ወደ ተባለው ቤት ይወሰዳል። ወጌሻው ከማን እንደ ተማረ፣ ምን እንደሚያውቅ፣ ዕውቀቱም እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። በሬ ለመግዛት ገበያ የወጣን እንደ ሆነ ግን ጥርሱን እናያለን፤ ሰኮናውን እናነሣለን፤ ወዲያና ወዲህ አስነድተን አረማመዱን እንመለከታለን፤ ካስፈለገም የሻጩን ጎረቤት «ያርሳል ወይስ ይተኛል?» ብለን እንጠይቃለን። የዛሬው ንግግራችን ለበሬው የምናደርገውን ያህል ለልጃችን ክንድ እንድናደርግ ስለሚያስፈልገው ጥያቄ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልግለጽ። ይህን የምናገረው ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም። ወጌሻ በአገራችን ዘመናዊ ሐኪም ቤት ከመቆሙ ከብዙ ዘመን በፊት የነበረ ባለሙያ ነው። በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት በተደረገ ጊዜ ቁስለኞችን ለመርዳት የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ የደረሱት ጦርነቱ ካለቀ ከወራት በኋላ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ የተሰበረውን የጠገነ፣ የወለቀውን የመለሰ የአገሩ ሰው ነው። ዛሬም ቢሆን ከመንገድና ከሆስፒታል ርቆ ለሚኖረው ገበሬ ከሁሉ የሚቀርበው ባለሙያ እርሱ ነው። በእግር ኳስ ሜዳ እንኳ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚሮጠውን ሰው ሌላ ስም አላወጣንለትም፤ ወጌሻ ነው የምንለው።

በአውሮፓም የነበረው ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በእንግሊዝ አገር፣ በሊቨርፑል ከተማ ይሠራ የነበረው ሁ ኦወን ቶማስ የተባለ ሐኪም ከ1834 እስከ 1891 እ.ኤ.አ. የኖረ ሲሆን፣ ትውልዱ በዌልስ ከምትገኘው ከአንግልሲ ደሴት የወጣ የወጌሻ ዘር ነው። አባቱም በዚያው በሊቨርፑል የታወቀ ወጌሻ ነበር። ቶማስ የአባቶቹን እጅ ይዞ የሐኪሞችን ትምህርት ጨመረበትና ለተሰበረ እግር መደገፊያ የሚሆን ብረት ሠራ። እርሱ ከሞተ በኋላ በሚስቱ በኩል ዘመዱ የሆነው ሮበርት ጆንስ ያንኑ ብረት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮች እንዲውል አደረገ፤ ጭናቸው በጥይት የተሰበረ ሰዎች ሞትም በእጅጉ ቀነሰ። የወጌሻ ቤት የዕውቀት ቤት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ነገር ግን በር ላይ ቆሞ ለሚያንኳኳ ሰው ይህ ብቻውን አይበቃውም፤ የገባበት ቤት የትኛው ዓይነት ቤት እንደ ሆነ ማወቅ አለበት።

ስለምን እንደምፈራ እንድትረዱልኝ በተሰበረ ክንድ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ልንገራችሁ። አጥንት በተሰበረ ጊዜ በስብራቱ ዙሪያ ደም ይፈስሳል፤ ሥጋውም ያብጣል። ይህ እብጠት በወደቀበት ሰዓት አይፈጸምም፤ እስከ ሁለተኛውና እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። እንግዲህ ከወደቀ ገና አንድ ሰዓት ያልሞላውን ልጅ ክንድ ወጌሻው በቀርከሃ ፍልጥ ደግፎ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ቢያስረው፣ ቀን ልክ የነበረው ማሰሪያ ሌሊት ልክ አይሆንም። ክንዱ ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም። ሥጋው ወደ ውጭ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ የደም ሥሮችን ይጨፈልቃል፤ ደምም ወደ ጡንቻው መድረሱን ያቆማል። ደም ያጣ ጡንቻ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ይጀምረዋል። ጉዳቱ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ ሐኪሞች ጋንግሪን የሚሉት ይህ ነው፤ የልጁን ሕይወት ለማትረፍም እጁ ይቆረጣል። ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ እጁ አይቆረጥም፤ ነገር ግን ጡንቻው ደርቆና አጥሮ ጣቶቹን እንደ አሞራ ጥፍር አጥፎ ያስቀራቸዋል።

ይህን ሁለተኛውን ጉዳት ከጠበቀ ማሰሪያ ጋር አያይዞ በ1881 እ.ኤ.አ. የጻፈው ሪቻርድ ፎን ፎልክማን የተባለ የጀርመን ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ነው፤ በሽታውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ፎልክማን የጻፈው ስለ እኛ አገር ቀርከሃ እንዳልሆነ ልብ በሉ። የሐኪም ቤት ጀሶም እብጠቱን ካላሰበ ሰው እጅ ከወጣ ያንኑ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ማሰሪያ የምለው ለጀሶም ጭምር ነው።

«ሐኪም ቤት ይቆርጡታል» የሚለው ወሬ ከየት እንደ መጣ አሁን ሳትረዱት አትቀሩም። እጁ ከጠቆረ በኋላ፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ወደ ሆስፒታል የደረሰ ሰው እጁ ይቆረጣል። መንደሩም የሚያየው ሁለት እጅ ይዞ ሄዶ በአንድ እጅ መመለሱን ነው። ማሰሪያው ሥር የነበረውን አላየም። ከዚያ በኋላ የተሰበረ ሁሉ ይህን ወሬ እየሰማ ከሆስፒታል ይሸሻል፤ በመሸሹም ይዘገያል፤ በመዘግየቱም ይቆረጣል።

የአንድ ዘመዴ ልጅ በ7 ዓመቱ ከዛፍ ወደቀና ክርኑ አበጠ። ስሙ የገነነ ወጌሻ በአካባቢው ነበር። አሽቶ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ በቀርከሃ አስሮ «በስምንተኛው ቀን አምጡት» ብሎ ሰደዳቸው። ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። በማግሥቱ አባቱ ሄዶ ቢጠይቅ «ሕመሙ አጥንቱ ሲገጥም ነው፤ እንዳትፈቱት» የሚል መልስ አገኘ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ማልቀሱን አቆመ። ቤተ ሰቡም «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ልጁ ዝም ያለው ግን ተሽሎት ሳይሆን እጁ ስለ ደነዘዘ ነበር። ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ በግራ እጁ መጻፍን ተምሯል። ቀኝ እጁን በሰው ፊት ከኪሱ አያወጣውም።

እኔም በልጅነቴ ወድቄ የእጄ አንጓ ባበጠ ጊዜ አያቴ በመንደራቸው ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ወስደውኝ ነበር። ሽማግሌው አልቸኮሉም። ጣቶቼን አንድ በአንድ አንቀሳቅስ አሉኝ፤ ጥፍሬን ጫን አድርገው ለቀቁና አዩት፤ ዓይኔን ጨፍኜ የትኛውን ጣቴን እንደ ነኩ እንድናገር አዘዙኝ። ከዚያም ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡና አያቴን «እሜቴ፣ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ለነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት» አሏቸው። አያቴ ተቀይመው ወጡ፤ እምቢ ያለ ወጌሻ ሥራውን የማያውቅ መስሏቸው ነበር። ከመንደሩ ወጌሾች ሁሉ ዐዋቂው እርሳቸው እንደ ነበሩ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ ከዚህ ይወጣል። «ስንት ሰው አዳኑ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «አባቴ፣ እርስዎ የማይነኩት የትኛውን ነው?» በሉ። «የማልነካው የለም፤ ሁሉን አድናለሁ» ያለ እንደ ሆነ አመስግናችሁ ተነሡ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወሰኑን ያውቃል። ቆዳ ተቀዶ አጥንት የታየበትን ስብራት አይነካም፤ በዚያ ቁስል የሚገባው መርዝ አጥንቱን ያመረቅዘዋል፤ መንጋጋ ቆልፍም ያመጣል፤ ቅቤና የቅጠል ጭማቂም አይከለክለውም። አንገቱን ወይም ጀርባውን የተመታ ሰው እግሩ ከደነዘዘ አይነካም፤ አንድ ጊዜ ማገላበጥ ዕድሜ ልክ አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላልና። ቤት ውስጥ ተንሸራትተው የወደቁ አሮጊት መቆም አቅቷቸው፣ አንድ እግራቸው አጥሮ ተረከዙ ወደ ውስጥ፣ ጣቱ ወደ ውጭ የዞረ እንደ ሆነ፣ የዳሌያቸው አጥንት ሳይሰበር አይቀርምና ይህም የወጌሻ ሥራ አይደለም። የልጅ ክርን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል፤ ወደ እጅ የሚወርደው ዋናው የደም ሥር በክርኑ ፊት ለፊት፣ በስብራቱ አጠገብ ያልፋልና። አንድ ሌላ ልጨምር፦ ልጁ ሳይወድቅና ሳይመታ ጉልበቱ አካባቢ እያበጠ ሌሊት ሌሊት የሚያመው ከሆነ በፍጹም አታሳሹት። የአጥንት መመረቅዝ ወይም የአጥንት ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ በማሸት የጠፋው ጊዜም አይመለስም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ማሸት ነው። «ከማሸትዎ በፊት መሰበሩንና ወለምታ ብቻ መሆኑን በምን ይለያሉ?» ራጅ ከተገኘ እ.ኤ.አ. ከ1895 ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፤ በየከተማውም በጤና ድርጅቶች ይገኛል። ዛሬ ጥሩ ወጌሻ «መጀመሪያ ራጅ አስነሥታችሁ ኑ» ሲል ማፈር የለበትም፤ እናንተም ስንፍና አድርጋችሁ አትቁጠሩበት። የተሰበረ አጥንት ጫፉ ስል ነው። ሲታሽ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የደም ሥርና ነርቭ ሊቆርጥ ይችላል። ክርን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ በተጎዳበት ሰሞን በብርቱ ሲታሽ በጡንቻው ውስጥ ሌላ አጥንት ይበቅልበትና መታጠፍ እንቢ ይላል። አሻሹት፣ ደነደነ፤ ስለ ደነደነ ደግሞ አሻሹት፤ እንዲህ እያሉ ክርናቸው እንደ እንጨት የቀረባቸው ሰዎች አሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ በእኔ አስተያየት የእጅና የእግር ዕጣ የሚወሰንበት ጥያቄ፣ ይህ ነው፦ «አስረው መቼ ፈትተው ያዩታል?» ትክክለኛው መልስ «ማታ እመጣለሁ፤ ነገም እመለሳለሁ» የሚል ነው፤ ወይም «ከታመመው፣ ሌሊትም ቢሆን እናንተው ፍቱት» የሚል ነው። «በስምንተኛው ቀን» የሚል መልስ ሲሰማ ጆሮ ሊቆም ይገባዋል። ጣቶቹንም ሸፍኖ የሚያስር ከሆነ አታስደርጉት፤ ጣት ተከድኖ ምን እንደ ሆነ ማወቅ አይቻልምና።

ማሰሪያው ከተደረገ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ወደ እናንተ ይዞራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቀኖች እናቱ ወይም አባቱ በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ቢሆን በየጊዜው ተነሥተው ጣቶቹን ይመልከቱ። ጥፍሩን ጫን ሲሉት ነጥቶ፣ ሲለቁት ወዲያው ወደ ቀይነቱ ይመለሳል ወይ? ጣቱ እንደ ሌላው እጅ ጣት ይሞቃል ወይ? ልጁ ሲነኩት ይሰማዋል ወይ? በራሱ ያንቀሳቅሰዋል ወይ? ከሁሉ በላይ ግን የታጠፈውን ጣቱን በቀስታ ሲዘረጉለት ጩኸቱ ከመጠን የሚያልፍ ከሆነ፣ ሌላ ምልክት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ የደም ሥር ትርታ መኖሩም አያታልላችሁ። በደንብ የተደገፈ ስብራት ሕመሙ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየቀነሰ ይሄዳል። እየጨመረ የሚሄድ ሕመም የመገጠም ምልክት አይደለም። ያን ጊዜ ማሰሪያውን እስከ ቆዳው ድረስ፣ ከሥር ያለውን ጨርቅ ሳይቀር ፍቱትና ወደ ሆስፒታል ገሥግሡ። ወጌሻውን ማስፈቀድ አያስፈልግም። ጀሶ ከሆነ ወዳሰሩበት ሐኪም ቤት በዚያው ሌሊት መልሱት፤ «ቀጠሮው ማክሰኞ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁም ከበሩ አትመለሱ።

ስለ ምስክር ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ወጌሻን የሚመርጠው በምስክር ነውና። ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በህንድ ሆሚዮፓቲ የሚባል ሕክምና አለ። ሳሙኤል ሐህነማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1796 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሐሳብ የተመሠረተ ሲሆን፣ መድኃኒቱ በውሃ ወይም በአልኮል ደጋግሞ በማቅጠን ይዘጋጃል፤ ከመቅጠኑም ብዛት ከመነሻው ቅመም አንዲት ቅንጣት እንኳ የማይቀርበት አለ። የአውስትራሊያ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የተደረጉትን ጥናቶች መርምሮ፣ ይህ ሕክምና ለመፈወሱ የታመነ ማስረጃ ያለው አንድም በሽታ እንዳላገኘ በ2015 እ.ኤ.አ. አስታወቀ። ነገር ግን «እኔ ድኜበታለሁ» የሚል ምስክር በየአገሩ ሞልቷል። ምስክሮቹ ዋሾች አይደሉም፤ በእርግጥ ድነዋል። ጉንፋን በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ምስጋናው ግን በዚያ ሰሞን አጠገብ ለነበረው ባለመድኃኒት ይሰጣል።

ለወጌሻም እንዲሁ ነው። ወደ እርሱ ከሚሄዱት ብዙዎቹ ወለምታ የያዛቸው ናቸው፤ ወለምታ ደግሞ ቢታሽም ባይታሽም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ይሻላል። የትንሽ ልጅ የእጅ አንጓ ስብራት በአንድ ወር ገደማ ይገጥማል፤ ጠመም ብሎ ቢገጥም እንኳ ልጁ ሲያድግ አብዛኛው ይቃናል። የትልቅ ሰው ቅልጥም ግን ብዙ ጊዜ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ «እኔን በሳምንት አቁሞኛል» የሚል ሰው ስታገኙ፣ ዕድሜው ስንት እንደ ነበረ፣ በራጅ የታየ ስብራት እንደ ነበረ ወይስ እንዳልነበረ ጠይቁት። ከተቻላችሁም ያልዳነውን ሰው ፈልጉ። የከፋበት በሽተኛ የሌለው ወጌሻም ሐኪምም የለም፤ መጠየቅ የሚገባው በከፋበት ቀን ምን እንዳደረገ ነው። ራሱ ተሸክሞ ሆስፒታል አድርሶት ከሆነ እሰየው። ጨምሮ አጥብቆት ከሆነ ደግሞ ምስክርነቱን አግኝታችኋል።

ገንዘቡን ሁሉ አስቀድሞ የሚቀበልና ቀን ቆርጦ የሚምል ሰው እንዳያታልላችሁ መንገር ለእናንተ መድከም ነው።

«ሽማግሌን እንዲህ አድርጎ መመርመር ነውር አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ እንዳለ ዐውቃለሁ። በአነጋገር ይታረማል። «አባቴ፣ ሙያውን ከማን ወረሱት?» ብሎ የሚጀምር ሰው ማንንም አያስቀይምም፤ አባቱን ወይም አጎቱን ሊያነሣ የማይወድ ወጌሻ የለም። ከዚያ በኋላ ሌላው ጥያቄ በጨዋታ መካከል ይገባል። እንዲያውም ብዙዎቹ ወጌሾች መጠየቅን ብቻ ሳይሆን መማርንም አይጠሉም። አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በእንግሊዝ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ ወጌሾች ስለ ማሰሪያ አደጋ አጭር ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ በእነርሱ ማሰሪያ ጠንቅ ሆስፒታል ገብተው እጃቸውና እግራቸው የሚቆረጥ ሰዎች ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። የጎደለው ደግነት አልነበረም፤ የሚነግራቸው ሰው ነበር።

አሁን ደግሞ፣ ወጌሻው «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ የመለሳችሁ እንደ ሆነ እስከ ሆስፒታል ድረስ ልጁን እንዴት እንደምትወስዱት ልንገራችሁ። የተጣመመውን እጅ ለማቃናት አትሞክሩ፤ በተገኘበት አኳኋን በካርቶን ወይም በሁለት እንጨት ደግፋችሁ፣ በመካከል ለስላሳ ጨርቅ አድርጋችሁ፣ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፤ በነጠላም አንገቱ ላይ አንጠልጥሉለት። ቀለበት ወይም አምባር ካለው ሳያብጥ አውልቁ። ቁስል ካለው በንጹሕ ጨርቅ ከመሸፈን በቀር ምንም አትቀቡበት። ለማደንዘዝ ያስፈልግ ይሆናልና በመንገድ ምግብ አትስጡት። የክትባት ካርድ ካለው ይዛችሁ ሂዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን መቼ እንደ ተከተበ ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም።